የአይሮፕላን ቦታ መያዣ መዝገብና የአየር መንገዶች ውድድር



በመሥሪያ ቤት ለሚያገለግል ሰው ሁሉ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጠዋት የሚፈረሙትን ፋይሎች ደርድሮ ወደ አለቃው ጠረጴዛ ባቀረበ ጊዜ፣ ከላይ የተቀመጠው ቶሎ ይታያል፤ ከሥር የተቀመጠው ግን ለነገ፣ ምናልባትም ለሚመጣው ሳምንት ይቆያል። ሠራተኛው አንዲት ፊደል አልፋቀም፤ አንዲትም ወረቀት አልደበቀም። ይሁን እንጂ በአደራደሩ ብቻ የባለጉዳዩን ዕድል ለወጠው። እንግዲህ መዝገብ ቤቱ ራሱ ከባለጉዳዮቹ የአንደኛው የግል ንብረት የሆነ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? ዛሬ የምንናገረው ስለ አይሮፕላን ጉዞ ነው፤ ነገር ግን የነገሩ ሥር ከዚሁ ጥያቄ የራቀ አይደለም። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ መዝገቡ ምን እንደ ሆነና ስለ ምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይገባል። ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን ጣቃ አጥፎ ለነገ ያቆየዋል። የአይሮፕላን ወንበር ግን እንዲህ አይደለም፤ አይሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረው ወንበር ዋጋው ለዘለዓለም የጠፋ ነው። በአንጻሩም አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው የሸጠ ኩባንያ በመንገደኛው ፊት ያፍራል፤ ካሣም ይከፍላል። ስለዚህ በየትኛው በረራ ስንት ወንበር እንደ ተያዘና ስንት እንደ ቀረ በየደቂቃው ማወቅ ለአየር መንገድ የሕይወቱ ጉዳይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ ይህ ሥራ ይካሄድ የነበረው በካርድ፣ በሰሌዳና በስልክ ነበር። ጸሓፊዎች ከካርድ ሣጥን ዙሪያ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ በረራ የተመደበውን ካርድ እያወጡ የተያዘውን ወንበር በእጃቸው ምልክት ያደርጉ ነበር። የአንድን መንገደኛ ቦታ ይዞ፣ ጽፎና አረጋግጦ ለመጨረስ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድ እንደ ነበረ ይነገራል። የመንገደኛው ቁጥር በበዛ መጠን የጸሓፊውም፣ የስሕተቱም ቁጥር በዛ።

በ1953 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሲ አር ስሚዝ ከሎስ አንጀለስ ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዙ፣ ከአጠገባቸው የተቀመጠው ሰው የአይ ቢ ኤም ኩባንያ የሽያጭ ሠራተኛ ሆነ። የእርሱም ስም ስሚዝ ነበርና በስማቸው መመሳሰል ወሬ ጀመሩ። ከዚያ ወሬ የተነሣው ሥራ ሴበር የተባለውን የኮምፒዩተር መዝገብ ወለደ። መዝገቡ በ1960 ሥራ ጀመረ፤ በ1964 የኩባንያውን ቢሮዎች ሁሉ አዳረሰ። የወጣበትም ገንዘብ 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ በዚያን ዘመን ይህ የብዙ አይሮፕላኖች ዋጋ ነው። በኒው ዮርክ አቅራቢያ በብሪያርክሊፍ ማነር የተተከሉት ሁለት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ቀድሞ የሰዓት ሥራ የነበረውን በሴኮንዶች ይፈጽሙት ጀመር። ሌሎቹም ታላላቅ ኩባንያዎች ተከተሉ፤ ዩናይትድ አፖሎ የተባለውን፣ ቲ ደብልዩ ኤ ደግሞ ፓርስ የተባለውን የየራሳቸውን መዝገብ አቆሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንነት መናገር ይገባል። እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሥራ የሚመሰገን ነው። ማንም ሰው በገዛ ገንዘቡ የገዛ ቤቱን መዝገብ ቢያሳምር የሚወቀስበት ምክንያት የለም። ነገሩ የተለወጠው መዝገቡ ከባለቤቱ ቤት ወጥቶ የገበያው ሁሉ መዝገብ በሆነ ጊዜ ነው።

በአሜሪካ አብዛኛው መንገደኛ ቲኬቱን የሚገዛው ከአየር መንገዱ ቢሮ ሳይሆን ከጉዞ ወኪል እየሆነ ሄደ። ወኪሉም ደንበኛው በመጣ ቁጥር የሁሉም ኩባንያዎች የበረራ ሰዓት የታተመበትን ወፍራም መጽሐፍ ይገልጥና ወደየኩባንያው ስልክ ይደውል ነበር። ኩባንያዎቹ አንድ የጋራ መዝገብ ለወኪሎች እናቁም ብለው ቢመክሩም ምክሩ አልሰመረም። በ1976 ዩናይትድና አሜሪካን ኤርላይንስ የየራሳቸውን መሣሪያ በወኪሎች ጠረጴዛ ላይ መትከል ጀመሩ። በመሣሪያው መስኮት ላይ የባለቤቱ በረራ ብቻ ሳይሆን የተፎካካሪዎቹም በረራ ይታያል፤ የሌሎቹ በረራ ባይታይበት ኖሮ ወኪሉ መሣሪያውን አይቀበለውም ነበርና። በአንድ ቢሮ ሁለትና ሦስት ዓይነት መሣሪያ መትከል ደግሞ ለወኪሉ አድካሚ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ወኪል በአንዱ ብቻ ተወስኖ ቀረ። ውሉም ለብዙ ዓመት የሚያስር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ታላቅ ለውጥ መጣ። እስከ 1978 ድረስ በአሜሪካ አገር ውስጥ የትኛው ኩባንያ በየትኛው መሥመር እንደሚበርና ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስነው የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ የሚባለው የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር። ዋጋው በመንግሥት በተወሰነበት ገበያ ከዝርዝሩ ላይ መቅደምና መከተል ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። በጥቅምት ወር 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ግን ገበያውን ነጻ አደረገው። በአነስተኛ ዋጋ የሚያበርሩ አዳዲስ ኩባንያዎች ብቅ ብቅ አሉ። እነዚህ አዲስ መጤዎች ስማቸው ስላልታወቀ መንገደኛው የሚያገኛቸው በወኪሉ መስኮት ላይ ሲታዩ ብቻ ነበር። መስኮቱ ግን የተፎካካሪያቸው ንብረት ነው።

አሁን ወኪሉን በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ደንበኛው በስልክ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ሌላው ደንበኛ በር ላይ ቆሟል። መስኮቱ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ጥቂት በረራዎችን ብቻ ነው፤ የሚቀጥለውን ገጽ ለማየት ሌላ ትእዛዝ መጻፍና መጠበቅ ያስፈልጋል። የወኪሉ ኮሚሽን ደግሞ ከቲኬቱ ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ ስለ ነበረ፣ ርካሹን ለመፈለግ የሚደክመው ለደንበኛው ፍቅር ብሎ እንጂ ለኪሱ አስቦ አይደለም። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ከላይ ያየውን ያነባል። የአሜሪካን ኤርላይንስ ሰዎች ይህን በ1981 መርምረው ያገኙት ውጤት የሚያስደንቅ ነው፤ በሴበር ከተያዙት ቦታዎች ከግማሽ የሚበልጡት የተያዙት በመጀመሪያው መሥመር ላይ ከተጻፈው በረራ ሲሆን፣ 92 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ ሳይወጡ የተያዙ ነበሩ።

ይህን ያወቀ የመዝገብ ባለቤት ሐሰት መናገር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የአደራደሩን ደንብ ማውጣት ብቻ ነው። በረራዎቹ በመነሻ ሰዓትና በጉዞው ርዝመት ተመዝነው ይደረደራሉ ይባላል፤ ነገር ግን በሚዛኑ ውስጥ ለተፎካካሪው በረራ በአየር ላይ የሌለ፣ በስሌት ብቻ ያለ ደቂቃ ይጨመርበታል። ቀጥታ የሚበረው የተፎካካሪ አይሮፕላን በሁለተኛው ገጽ ላይ ሲጻፍ፣ በመካከል አይሮፕላን የሚያስለውጠው የባለቤቱ በረራ ከላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዝርዝሩ ሙሉ ነው፤ የጎደለ ነገር የለውም። ወኪሉም የተታለለ መስሎ አይታየውም፤ ከጊዜ ብዛት የዚያ ኩባንያ ወዳጅ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ በሰው ኑሮ ላይ ምን እንዳደረሰ ለማሳየት ኒው ዮርክ ኤር የተባለውን ትንሽ ኩባንያ እንጥቀስ። ይህ ኩባንያ በ1981 ከኒው ዮርክ ላ ጋርዲያ ወደ ዲትሮይት በረራ ጨመረ፤ መሥመሩ አሜሪካን ኤርላይንስ የጸናበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአዲሱ ኩባንያ በረራዎች በሴበር መስኮት ላይ ወደ ታች ወረዱ። ቦታ የሚይዝለትም ጠፋ። በቀን ስምንት ጊዜ ይበር የነበረው ኩባንያ ከዲትሮይት መሥመር ፈጽሞ ወጣ። አይሮፕላኖቹ አልተበላሹም፤ አብራሪዎቹም አልጎደሉም። በዲትሮይትና በኒው ዮርክ መካከል የሚመላለሰው መንገደኛ ግን አንድ ምርጫ አጣ፤ ማጣቱንም ያወቀ ጥቂት ነው።

የመዝገቡ ባለቤቶች መልስ ምን ነበር? አልካዱም። በ1983 የአሜሪካን ኤርላይንስ ፕሬዚዳንት ሮበርት ክራንዳል በአገሩ ኮንግሬስ ፊት ቀርበው ሲናገሩ፣ የራሳችንን በረራ አስቀድሞ ማሳየትና ከዚያም የሚገኘው የገበያ ድርሻ መዝገቡን ለመሥራት የተነሣንበት የውድድር ምክንያት ነው የሚል ቃል ሰጡ። ገንዘቡን ያወጣነው እኛ፣ አደጋውንም የተሸከምነው እኛ ነን፤ ታዲያ ለተፎካካሪ እኩል ቦታ የምንሰጠው ስለ ምን ነው ማለታቸው ነበር። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል እላለሁ። ወኪሉ መሣሪያውን የተቀበለውና መንገደኛውም ያመነው የሁሉን በረራ በቅንነት ያሳያል ተብሎ ነው። የአንድ ኩባንያ ማስታወቂያ መሆኑ በመስኮቱ ራስጌ ቢጻፍበት ኖሮ ማን ይተክለው ነበር?

የሲቪል አቪዬሽን ቦርድም ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ነገር ማረም ሆነ። በኅዳር ወር 1984 የጸናው ደንብ በረራዎች በኩባንያቸው ማንነት እየታዩ እንዳይደረደሩ ከለከለ፤ መዝገቡ ለሚሰጠው አገልግሎት ከአየር መንገዶች የሚቀበለው ዋጋ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን አዘዘ፤ ከወኪሎች ጋር የሚደረገውም ውል ከ5 ዓመት እንዳይበልጥ ወሰነ። ቦርዱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋና የደንቡ ጥበቃ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተላለፈ።

አድማጮች ሆይ፤ በዚህ ነገሩ አለቀ ትሉ ይሆናል። አላለቀም። አደራደሩ ሲስተካከል ጥቅሙ በሌላ በር ገባ። ከተፎካካሪዎች ለእያንዳንዱ የተያዘ በረራ የሚጠየቀው ክፍያ ለሁሉም እኩል ቢሆንም፣ ለብዙዎቹ ከቀድሞው የበለጠ ሆነ። ይህን ክፍያ እንደ ማንኛውም ዋጋ ውድ ነው ብሎ መተው አይቻልም። ምክንያቱም አንድ ወኪል የሚሠራው በአንድ መዝገብ ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣ አየር መንገድ በዚያ ወኪል ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለት መዝገቦች ቢኖሩ ኩባንያው በሁለቱም ይገባል እንጂ ርካሹን መርጦ ውዱን አይተውም። ስለዚህ መዝገቦቹ በመካከላቸው የሚፎካከሩት ወኪሉን ለመሳብ ነው፤ መሣሪያውን በርካሽ ይሰጡታል፣ ጉርሻም ይጨምሩለታል። ሒሳቡ ወደ አየር መንገዱ ይሄዳል፤ አየር መንገዱም ከቲኬቱ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ዝርዝሩን ከቶ አይቶት የማያውቀው መንገደኛ ነው። ከዚህም በላይ ተፎካካሪው አዲስ መሥመር በከፈተ ጊዜ ስንት ሰው እንደ ያዘለት በመዝገቡ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ነገር ክስ ያቀረቡ አየር መንገዶች ነበሩ፤ ነገር ግን በ1991 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በአላስካ ኤርላይንስና በዩናይትድ ጉዳይ የፈረደው ለመዝገብ ባለቤቶቹ ነበር።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ተነሣ። የቤልጂግ አየር መንገድ የነበረው ሳቤና ሳፊር የሚባል መዝገብ ነበረው። ለንደን ዩሮፒያን የተባለ ትንሽ የእንግሊዝ ኩባንያ ከብሩክሴል ወደ ሉተን የሚያደርገውን በረራ በዚህ መዝገብ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ሳቤና እምቢ አለ። ምክንያቱም ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፣ የአይሮፕላን ማረፊያውንም የምድር አገልግሎት ለእኛ አልሰጠም የሚል ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በኅዳር ወር 1988 ይህን የገበያ ኀይልን ያለአግባብ መጠቀም ነው ብሎ 100,000 የአውሮፓ ሒሳብ ገንዘብ ቅጣት ወሰነበት። በ1987 ደግሞ ታላላቆቹ የአውሮፓ አየር መንገዶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ እነ ኤር ፍራንስና ሉፍታንዛ አማዴዎስን፣ እነ ብሪቲሽ ኤርዌይስ ጋሊሌዎን አቋቁመው ነበርና፣ በ1989 ለመዝገቦች ሁሉ የሚሠራ የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። ይህም ደንብ በ2009 በሌላ ተተካ።

የእኛ አገር ሰው ቲ ደብልዩ ኤ የሚለውን ስም ሲሰማ የሚያስታውሰው ሌላ ነው፤ በ1945 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም የሥራ ተባባሪ ሆኖ ባለሙያዎቹን የላከው ያ ኩባንያ ነበርና። ቲ ደብልዩ ኤ ያቆመው ፓርስ በ1990 ከሌላ መዝገብ ጋር ተቀላቅሎ ወርልድስፓን ተባለ። ዛሬ ኩባንያው ራሱ የለም። የመዝገቡ ልጅ ግን ከእርሱ በኋላ ኖረ።

ባለፈው ጊዜ ለአንድ ዘመዴ ቲኬት ልገዛ ወደ አንድ የጉዞ ወኪል ሄጄ ነበር። ወኪሉ ትሑት ወጣት ነው። ሦስት በረራዎችን አነበበልኝና እነዚህ ናቸው አለኝ። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ሳነብ ሰንብቼ ነበርና፣ ወንድሜ፣ ሌላ ገጽ የለውም ወይ አልሁት። ፈገግ ብሎ ገለጠው፤ በመንገድ ላይ የሚያስጠብቀው ሰዓት አራት ሰዓት ያነሰ፣ ዋጋውም የተሻለ በረራ ተገኘ። ልጁ አንዳች አልደበቀኝም። እኔም ባልጠይቅ ኖሮ አመስግኜው እሄድ ነበር።

ወደ ዋናው ታሪክ እንመለስ። ደንቦቹ ከጠበቁ በኋላ መዝገብን መያዝ ለአየር መንገድ እንደ ቀድሞው የሚያጓጓ አልሆነም፤ መዝገቡ ራሱን ችሎ ቢሸጥ ግን ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ንብረት ነበር። ስለዚህ ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ድርሻቸውን ሸጡ። የአሜሪካን ኤርላይንስ ባለቤት የሆነው ድርጅት በ2000 ሴበርን ፈጽሞ ከራሱ ለየ። የአሜሪካ መንግሥትም መዝገቦቹ ከእንግዲህ የአየር መንገዶች አይደሉምና ለማዳላት ምክንያት የላቸውም፤ ደግሞም መንገደኛው ራሱ በኢንተርኔት መግዛት ጀምሯል በማለት፣ ደንቡን በ2004 ሻረው። በማዳላት ላይ የነበረው ክልከላ እስከ ሐምሌ ወር መጨረሻ ቆይቶ እርሱም ቀረ።

መዝገቡ ጌታ ሳይኖረው በቀረ ጊዜ ግን ማዳላት የሚቀር መስሎ የታያቸው ተሳሳቱ። አሜሪካን ኤርላይንስ በመዝገቦች ክፍያ ስለ ተማረረ ለወኪሎች በቀጥታ የሚሸጥበትን የራሱን መንገድ ማበጀት ጀመረ። ነገሩ ገቢውን የነካበት ሴበር ዝም አላለም። በጥር ወር 2011 የአሜሪካን ኤርላይንስን በረራዎች በመስኮቱ ላይ ወደ ታች አወረዳቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ ኤር ላይ የተሠራው ሥራ፣ በዚያው መዝገብ፣ በፈጣሪው ላይ ተሠራ። አሜሪካን ኤርላይንስም አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ። ክራንዳል በ1983 የተናገሩትን ቃል ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ቢል የሚፈረድበት አይመስለኝም። ሁለቱ ወገኖች በ2012 ታረቁ።

በዚያው በ2011 ዩ ኤስ ኤርዌይስ የተባለው ሌላ አየር መንገድ ሴበር ያለአግባብ ገበያውን ይዞ ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍለናል ብሎ የራሱን ክስ አቅርቦ ነበር። ይህ ኩባንያ በ2013 ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ስለ ተቀላቀለ፣ ክሱ በመጨረሻ የሴበር ፈጣሪ በሴበር ላይ የሚያካሂደው ክስ ሆነ። አንድ ጊዜ ተፈርዶ፣ በይግባኝ ተሽሮ፣ እንደገና ታይቶ በ2022 ፍርድ አገኘ። የፍርድ ሸንጎው ሴበር ሕግ ተላልፎ ገበያውን በብቸኝነት ይዟል ብሎ አመነ፤ ለከሳሹ የወሰነለት ካሣ ግን 1 ዶላር ነበር።